የሚዛን ወረቀት ጀርባ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ሲስተር ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ሦስተኛው ማሽን ላይ ጡረታ የወጣው ሾፌር ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። አራተኛው ማሽን ላይ ጠብታ ተኝታለች። ከአልጋዋ አጠገብ፣ ራሱ በሠራው በርጩማ ላይ፣ ባሏ አናጢው ተቀምጧል። አምስተኛው ሰው መንገድ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቀው ደግሞ አናጢው ብቻ ነው።

ጠብታ ያሏት በሽተኞቹ ናቸው። ኩላሊቱ የከዳው ሰው ውሃ እንዳሻው አይጠጣም፤ የጠጣው ሁሉ መውጫ አጥቶ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። እሷ ከሁሉም ይልቅ ጠንቃቃ ስለነበረች ሾፌሩ፣ «ይቺ ልጅ ውሃ የምትጠጣው በጠብታ ቆጥራ ነው» ብሎ ስም አወጣላት። ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ከግራ ክንዷ ሁለት ቱቦዎች ወጥተዋል። በአንደኛው ደሟ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ ታጥቦ በሌላኛው ይመለሳል። ክንዷ ውስጥ ሐኪሞች ሁለት የደም ሥሮች አገናኝተው ሰፍተውላታል። እዚያ ላይ ጣት ያሳረፈ ሰው የሚነዝር ነገር ይሰማዋል። አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው ቀን፣ «እንደ መጋዝ ነው» አለ።

«መጋዙ እስከዞረ ድረስ አለሁ ማለት ነው» አለችው።

ያን ክንድ መጨበጥ፣ ማሰር፣ መጎተት ክልክል ነው። ይህንን ባሏም ያውቃል፣ ወንድሟም ያውቃል።

አሁን በቀኝ እጇ ትንሽ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። መጻፏን ሳታቆም ቀና ብላ አየችው።

«ምን ሆነሃል? ዓይንህን በሩ ላይ ቸንክረኸው ዋልክ።»

«ምንም።»

«የኛ አናጢ እኮ» አለ ሾፌሩ ጣሪያውን እያየ፣ «በር ሲያይ ማጠፊያውን ነው የሚመረምረው። ተይው።»

ጠብታ ሳቀች። አናጢው አልሳቀም። ትናንት ጧት በገዛ እጁ የጻፈው ደብዳቤ አሁን የት እንደደረሰ ያሰላ ነበር።

*

ጠብታ የአለቃ እህት ናት። አለቃ የሚሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ሲሞቱ እሱ ሃያ ሦስት፣ እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት ያደርሳት የነበረው እሱ ነው። ጉንጉኑ ጠማማ ነበር፤ ቢሆንም ማንም ልጅ ደፍሮ አልሳቀባትም፣ ወንድሟን ያውቁታላ።

አናጢው ከአለቃ ቅጥረኞች አንዱ ነበር። ዓይን አፋር ነው። ከጆሮው እርሳስ አይለየውም፣ የግራ እጁን ሌባ ጣት ጫፍ መጋዝ በልቶታል። ጠብታ በመሰንጠቂያው ቢሮ ትሠራ ስለነበር፣ የእንጨት ልክ የተጻፈበትን ወረቀት በትንሿ መስኮት ታቀብለዋለች። አንድ ቀን ወረቀቱን ሲቀበል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። በማግስቱ የሚያውቀውን ልክ ሊጠይቅ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀንም መጣ።

«ይሄን ጣውላ ስንት ጊዜ ነው የምትለካው?» አለችው። «እስኪያድግ ነው የምትጠብቀው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ፍቅራቸው ከዚያች መስኮት ጀመረ፤ ኩላሊቷ ሲደክምም አልደከመ።

አለቃ ነገሩን የሰማ ዕለት የአናጢውን የመሣሪያ ሳጥን ከፍ አድርጎ አንስቶ ግቢው መሃል ፈጠፈጠው። መላጊያው አንድ ቦታ፣ መሮው ሌላ ቦታ ተበተነ። «እህቴን ያሳደግኳት ለብናኝ አይደለም!» አለ። ጠብታ ከቢሮው ወጥታ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት ለቀመች። ከዚያ ሳጥኑን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል እሱ ይዘውት ከግቢው ወጡ። በሳምንቱ በፊርማ ተጋቡ። ምስክሮቹ ሲስተርና ሾፌሩ ነበሩ።

አለቃ አንድ መልእክት ብቻ ላከ። «ኩላሊቴን እሰጣታለሁ። ቤቴን ግን አትረግጥም።»

ቃሉን አላጠፈም። ተመረመረ፣ የእሱ ኩላሊት ለእሷ ይስማማል ተባለ፣ የንቅለ ተከላው ቀን ተቆረጠ። አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ጠብታ ማሽኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ትመዘናለች፣ ስትወርድም ትመዘናለች። ሁለቱ ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፈው ይሰጧታል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ አራት አራት ሰዓት አልጋ ላይ ስትቆይ፣ በወረቀቱ ጀርባ ለባሏ ትጽፋለች። ከሚነግሩት ይልቅ የሚጽፉለት ነገር እንደሚገባው ታውቃለች። «ዛሬ ሾፌሩ አኩርፏል። ሲስተር አዲስ ጫማ አድርጋ ሲጮህባት ዋለ። ጠረንህ ናፈቀኝ፣ የእንጨት ብናኙ።» አናጢው ወረቀቶቹን ሁሉ በሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ጀርባቸውን በቃሉ ያውቀዋል። ፊታቸውን ግን አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም።

*

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሚዛኗ ማስቸገር ጀመረ።

ሐኪሙ የወሰነላት ኪሎ አለ፤ ከማሽኑ ስትወርድ እዚያ ኪሎ ላይ መድረስ አለባት። ትርፍ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ውሃ ነው ተብሎ በማሽኑ ይመጠጣል። እሷ ግን በየሳምንቱ ከብዳ ትመጣ ጀመር። ሲመጥጡት እግሯን ቁርጠት ይይዛታል፣ ያስመልሳታል፣ የደም ግፊቷ ወርዶ ራሷን ትስታለች።

«እየጠጣሽ ነው» አለቻት ሲስተር።

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ሚዛኑ ነው የሚጠጣው?»

አናጢው የቀን ድርሻዋን በመስታወት ጆግ ላይ በእርሳስ አስምሮላት ነበር። ማታ ማታ መስመሩን ያያል፤ ልክ ነው። የሆስፒታሉ ሚዛን ግን ትርፍ አላት ይላል። አናጢ ሰውን ከሚያምን ልኩን ያምናል። አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ ጠብታን እርጥብ ብርጭቆ ይዛ አገኛት።

«አፌን ነው የተጉመጠመጥኩት» አለች ሳይጠይቃት።

«ሚዛን አይዋሽም።»

«እኔ ነኛ የምዋሸው?»

እሱ ሲናደድ ቃል አይመጣለትም። እጁ ግን መዶሻ ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መዶሻ አነሳና ጆጉን አደቀቀው። ስባሪው ቤቱን ሞላው። አንዱ የጠብታን እግር ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሸረከተው፤ ደሙ ወለሉ ላይ ከፈሰሰው ውሃ ጋር ተቀላቀለ። እሷ እግሯን አላየችም። እሱን ነው ያየችው።

«ዛሬ ጆጉ ነው» አለች። «ነገስ?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ሆስፒታል ሄደች። ማሽኑ ላይ እንዳለች ደግሞ ራሷን ሳተች። ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ እንደሆነ ሊያይ አልትራሳውንድ አመጣ። ውሃ ፍለጋ የገባው መሣሪያ ልጅ አገኘ።

አሥራ ስድስት ሳምንት ነበር። የወር አበባዋ ከታመመች ጀምሮ ሥርዓት ስለሌለው ማንም አልጠረጠረም፣ እሷም አልጠረጠረችም። በማሽን የምትኖር ሴት አታረግዝም የሚል ሁሉም ልቡ ውስጥ ያኖረው ነገር ነበረ።

አናጢው ያን ዕለት ቆርቆሮውን ከፍቶ ወረቀቶቹን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደራቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አነበበ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ጥቂት፣ ሁልጊዜም ያንኑ ያህል፣ ከፍ ይላል። የተደበቀ ውሃ እንዲህ በልክ አያድግም። እንዲህ በልክ የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይህን ዛፍ የሚያውቅ ሰው ማወቅ ነበረበት። ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሐኪሙ አልደበቃቸውም። ልጁ ሊወለድ ይችላል፤ ተወልዶም ያውቃል። ግን ደሟ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው እጥበት ስድስት ቀን መሆን አለበት። ግፊቷ ሊያሻቅብ ይችላል፣ ልጁ ያለ ቀኑ ሊመጣ ይችላል፣ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ንቅለ ተከላው ይቆማል። ከወለደች በኋላም ሰውነቷ ተለውጦ የወንድሟን ኩላሊት አልቀበልም ሊል ይችላል። ማቋረጥም ይቻላል፤ ግን ቶሎ መወሰን አለባት።

«ወስኛለሁ» አለች ጠብታ። «ይወለዳል።»

አናጢው ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። ለእሷ ፊት ለፊት «ትሞቺብኛለሽ» ማለት ስላቃተው፣ ሰኞ ጧት ቁጭ ብሎ ለወንድሟ ጻፈ።

«ለተከበሩ አለቃ። እህትዎ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ ለሕይወቷ ያሰጋታል ብሏል። ንቅለ ተከላውም ይቀራል። እኔን አትሰማኝም፤ እርስዎን ትሰማለች። ይምከሯት። ልጁ ይቅር፣ እሷ ትኑርልኝ። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ደብዳቤውን ለመሰንጠቂያው ዘበኛ ሰጥቶ ተመለሰ። ወደ ቤቱ ሲሄድ የሠራው ነገር ትክክል ይሁን ስህተት አያውቅም ነበር። እንደ ሌባ ግን እየተገላመጠ ነበር የሚራመደው።

*

በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

«ጫማ!» አለች ሲስተር ቀና ሳትል። «በጫማ አይገባም!»

አለቃ ጫማውን አላወለቀም። የእንጨት ብናኝ ትከሻው ላይ ነበር፣ ከሥራ ላይ ተነሥቶ ነው የመጣው። ዓይኑ በሦስተኛው ማሽን አለፈና አራተኛው ላይ ቆመ። ከእህቱ ጋር ሳይተያዩ ስምንት ወር አልፏቸዋል። ፊቷ እንዲህ መክሳቱን ሲያይ ከማልቀስ ይልቅ መጮህ ቀለለው።

«እውነት ነው?»

«ጋሼ...»

«እውነት ነው ወይ አልኩ!»

«እውነት ነው» አለች።

አለቃ የአናጢውን ኮሌታ ጨምድዶ ከበርጩማው አነሳው። «እኔ ሆዴን ልቀደድላት ቀን ቆርጫለሁ! ሰውነቴን ከፍዬ ላካፍላት! አንተ ግን እስከዚያ መታገሥ አቃተህ? አንድ ወር ሲቀር!»

«አለቃ» አለ ሾፌሩ ከአልጋው፣ «እዚህ የተኛነው ሰዎች ደማችን ውጭ ነው ያለው። እባክህ ቀስ በል።»

«አንተ ዝም በል፣ ሽማግሌ!»

«ዝም እላለሁ፤ ደሜ ሲመለስልኝ።»

አናጢው እጁን አላነሳም። የመጀመሪያው ጥፊ ሲያርፍበት አንገቱን ብቻ አዞረ። ሁለተኛው ከንፈሩን አፈነዳው። «ይምቱኝ» አለ። «ብቻ ያናግሯት።» አለቃ ሦስተኛውን በጥፊ አልመታም። በርጩማውን ከመሬት አንስቶ ግንባሩ ላይ አሳረፈው። አናጢው ማሽኑ ላይ ተደገፈ። ደም ቅንድቡን ተሻግሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ ተው!» ጠብታ ለመነሣት ሞከረች።

«ተኚ! አንቺ እንዳትንቀሳቀሺ!» ሲስተር ወንበሯን ገልብጣ እየሮጠች ነበር።

አለቃ በርጩማውን እንደገና አነሳው። ያኔ አናጢው ላይ ለስምንት ወር የተጠራቀመው ሁሉ፣ ሳጥኑም፣ ብናኝ መባሉም፣ ጆጉም፣ ራሱን መጥላቱም፣ አንድ ላይ መጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ በሬ የአለቃን ደረት መታው። አለቃ ተንገዳገደ። ላለመውደቅ እጁ ያገኘውን ያዘ፤ እጁ ያገኘው ቱቦ ነበር።

መርፌው ከጠብታ ክንድ ተነቅሎ ወጣ።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ። ማሽኑ ደሟን ከአንዱ ቱቦ መሳቡን አላቆመም፣ በሌላው ደግሞ ወለሉ ላይ ይረጨዋል። ከክንዷም ደም ተወርውሮ ነጩን አንሶላ፣ የአለቃን ሸሚዝ፣ ግድግዳውን መታው። ሰው ውስጥ ይህን ያህል ቀይ ነገር እንዳለ ማንም አያስብም።

«ማሽኑን!» ጮኸ ሾፌሩ። «ሲስተር፣ ማሽኑን!»

ሲስተር ማቆሚያውን መታች፣ ቱቦዎቹን በመቆንጠጫ ዘጋች። አናጢው ደግሞ እንዴት እንደደረሰ ሳያውቅ አልጋው ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጫፉ በተቆረጠው ጣቱና በአውራ ጣቱ ቀዳዳውን አፍኖ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ደሙ ቆመ። ከእሱ ግንባር የሚወርደው ግን እጁና የእሷ ክንድ ላይ ይንጠባጠባል፤ የትኛው ደም የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

«ጠብታ! ጠብታዬ!»

ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ማንንም አያይም። «መጋዙ...» አለች።

አናጢው በጣቱ ፈለገው። ክንዷ ዝም ብሏል። ምንም አይነዝርም። 

«ሲስተር፣ የለም! ቆሟል! ገደልኳት!»

«እንዲህ አንቀህ እንዴት ይኑር!» ሲስተር እጁን በእጇ መታችው። «ደሙን ያዝ እንጂ ሥሩን አትግደለው። ላላ አድርግ። ላላ አድርግ አልኩህ! አሁንም ጠንካራ ነው። እንደ እንቁላል ያዘው።»

አላላው፤ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ከዚያ ከጣቱ ሥር፣ ከሩቅ ግቢ እንደሚሰማ መጋዝ፣ ሥሩ ነዘረ።

«አለ» አላት፤ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ። «ይዞራል። ስሚ፣ ይዞራል።»

ያን ጊዜ ዞር ብሎ አለቃን አየው። አለቃ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሊያድናት የመጣ ሰው፣ እስከ ክርኑ በደም የቀላውን ሁለት እጁን ዘርግቶታል፤ የራሱ እጅ መሆኑን የተጠራጠረ ይመስላል።

*

ሐኪሙ መጣ፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስገቡ። አናጢው ጣቱን ሃያ አምስት ደቂቃ አላነሳም። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ ጠብታ አዞረው። አንዲት የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር እየተርገበገበች ነበር።

«ልቡ ይመታል» አለ ሐኪሙ። «ካንቺ ይልቅ ደህና ነው።»

ጠብታ ዓይኗን ጨፍና እንባዋን አወረደች። ስትከፍተው ወለሉን አየች። ከአለቃ ኪስ የወደቀው ደብዳቤ ደሙ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ለማንበብ ሩቅ ነበር፤ ጽሕፈቱን ግን አወቀችው።

«አንተ ነህ የጠራኸው?» አለች ባሏን።

አናጢው አንገቱን ደፋ።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«መናገር አቃተኝ። እንዳትሞቺ ፈራሁ።»

«ፈራህ።» ድምጿ ሹክሹክታ ነበር። «እሱ ኩላሊቱን ይዞ መጣ። አንተ ፍርሃትህን ይዘህ መጣህ። ሁለታችሁም ልታድኑኝ ብላችሁ ልትገድሉኝ ደረሳችሁ። ከመካከላችሁ እኔን የጠየቀኝ ማነው? አንድ ሰው፣ አንዴ፣ ‹አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?› አለኝ?»

ፊቷን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረች።

«አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰውነት ሲወጣ እንጂ ሲበጅበት አላየሁም። ደም ይወጣል፣ ውሃ ይወጣል፣ አቅም ይወጣል። አሁን አንድ ነገር እየሠራ ነው። ላይጨርሰው ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም። ግን ጀምሯል። የጀመረውን ሥራ አታስቁሙብኝ።»

አለቃ ከመሬት ሳይነሣ፣ «እኔ አባትሽም እናትሽም ነበርኩ» አለ።

«ነበርክ፣ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው የምለምንህ። ኩላሊትህ ይጠብቀኝ። ሰውነቴ አልቀበልም ካለም ያንተው ይሁን፣ አልቀየምህም። ልጄን ግን በእሱ አታስለውጠኝ።»

አለቃ ፊቱን በደም በተነከረው እጁ ሸፈነ።

*

ደም ያስፈልጋታል ተባለ። ከክፍሉ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ሁለቱም ሳይነጋገሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሲስተር ወጥታ አየቻቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ደም» አለ አለቃ። «ከእኔ ውሰጂ።»

«ከእርስዎ አይወሰድም። አንድ ቀን ኩላሊትዎን የምትቀበል ከሆነ፣ ዛሬ ደምዎ ከገባባት ሰውነቷ ነገ ኩላሊቱን ጠላቴ ነው ብሎ ሊያባርረው ይችላል።»

«ከእኔስ?» አለ አናጢው።

«አንተም የልጇ አባት ነህ፤ ደምህ ሰውነቷን በልጁ ላይ ሊያስነሳው ይችላል። ከደም ባንክ አስመጥተናል።» በሩን ይዛ ቆመች። «ዛሬ ያፈሰሳችሁት ይበቃል። የቀረውን ለየራሳችሁ ያዙት።»

ገባች። ሁለቱም እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ቀሩ። ሊሰጧት የሚችሉት ነገር አልነበረም፤ መቀመጥ ብቻ ነው። ለሁለቱም ከዚህ የከበደ ሥራ ገጥሟቸው አያውቅም።

ብዙ ቆይቶ አለቃ፣ «በርጩማው አልተሰበረም» አለ።

«ጠንካራ እንጨት ነው። ከእርስዎ ግቢ ነው።»

«ሰርቀኸኝ ነው?»

«የተጣለ ቁርጥራጭ ነው።»

አለቃ በአፍንጫው ተነፈሰ፤ ሳቅ ሊሆን ይችላል። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ፣ ወደ አናጢው ሳያይ፣ ወንበሩ ላይ በመካከላቸው አኖረው። አናጢው አንስቶ ግንባሩን ያዘበት።

«ፀጉር መጎንጎን ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ?» አለ አለቃ ግድግዳውን እያየ። «ማንም። ሌሊቱን በገመድ ስለማመድ አድሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ እንድታለቅስ ያደረገ ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር የሚጣላው።» ደም የደረቀበትን እጁን ተመለከተ። «ዛሬ ያስለቀስኳት እኔ ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አለ አናጢው። «ጆግ ሰብሬ አቁስያታለሁ። እየደበቀች ትጠጣለች ብዬ።»

አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየው። አናጢው ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። አልመታውም። የባሰ ነገር አደረገ፤ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ።

ሲስተር ተመልሳ ወጣች። በእጇ የጠብታን የዛሬ የሚዛን ወረቀት ይዛለች። አንዱ ጥጉ ቀይ ሆኗል።

«ደሙ እየገባላት ነው፣ ግፊቷ ተመልሷል» አለች። «ይህን አንሶላው ውስጥ አገኘሁት። ያንተ ነው።»

አናጢው በመጀመሪያ ፊቱን አነበበ። አንድ ቁጥር ብቻ ነበረበት፤ ስትወርድ አልተመዘነችም። ከዚያ ገለበጠው። አለቃ ከመምጣቱ በፊት፣ እሱ በሩን በሩን እያየ ሳለ፣ የጻፈችው ነው።

«ዛሬ ዓይንህን በሩ ላይ ቸንክረኸው ዋልክ። መሸሽ አምሮህ እንደሆነ አልቀየምህም። እኔም እፈራለሁ፤ ያንተን ያህል ሳይሆን ከዚያ በላይ። ጆጉን ስለሰበርክ ይቅር አላልኩህም፤ ልልህ ግን እየሞከርኩ ነው። አዲስ ጆግ ግዛ። መስመሩን ግን እኔ ነኝ የማሰምረው። ሐኪሙ በሳምንት ስድስት ቀን ብሏል። ከነገ ይጀመር ብዬዋለሁ። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም እመጣለሁ።»

አናጢው ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊደሎቹ እየዋኙ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ አቃተው። እርሳሱን ከጆሮው ፈለገ፤ በግርግሩ ወድቋል። ሊጽፍላት የፈለገው ነገር ሁሉ አፉ ላይ መጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጽፈው ሊነግራት ፈለገ። ተነሣና ወረቀቱን ለአለቃ ሰጠው።

አለቃ ሁለቱንም ገጽ አነበበ። ከዚያ በጣም ተጠንቅቆ፣ እጥፋቱን በጥፍሩ አስተካክሎ፣ መለሰለት።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ የጠብታ ቀን አልነበረም። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተመዘነች፣ ማሽኑ ላይ ወጣች፤ ባሏም በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አለቃ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ።